በጥር የተለካው ናፍጣ

የጡረታ መሸኛዬ ዕለት፣ ከንግግሩና ከኬኩ በኋላ፣ ሁለት ወጣት መሐንዲሶች መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት የሠራሁበትን የአዲስ አበባ ሆስፒታል መብራትና የውሃ ማሞቂያ ሊያድሱ የመጡ ናቸው። አንደኛው በትሕትና፣ «እማማ አስካለ፣ ሆስፒታሉ አሁን ምንም አያወጣም። አምፖሉንም ቦይለሩንም በራሳችን ወጪ እንቀይራለን። ከዚያ ከሚቆጠበው ላይ ለተወሰኑ ዓመታት ድርሻችንን እንወስዳለን። አዲስ አሠራር ነው» አለኝ።

አዲስ! የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። «ድሮ የሚፈጀውን የለካችሁት በየትኛው ወር ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«በአንድ ወር አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ነው የለካነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ግንባሩን ሳምኩት። ልጁ አሮጊቷ በስንብቷ ቀን ሆዷ ባባ ብሎ ሳይገምት አልቀረም። እኔ ግን ልቤ ድሮ በሠራሁበት በአሰብ ወደብ ነበር።

ኤሌክትሪክ የተማርኩት በቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ደሴ አጠገብ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ሲሆን፣ አለቃዬ ሴት ኤሌክትሪሺያን አይቶ የማያውቅ ሰው ነበር። መሰላል ላይ በወጣሁ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል። ወድቄ እንዳያየኝ ይሁን ቀሚሴን ፈርቶ ይሁን እስካሁን አላወቅሁም፤ የምለብሰው ግን ሱሪ ነበር። ከዚያ አብዮቱ ሴቶችን በሙያቸው ያሰማራል ተባለና አሰብ ሆስፒታል ጥገና ክፍል ተመደብኩ። ደመወዙ ላይ የበረሃ አበል ነበረው። እናቴ አበሉን ስትሰማ፣ «ለምን ይጨምሩልሻል? ሊገድሉሽ ነው እንጂ!» ብላ አለቀሰች።

የሄድኩት በጭነት መኪና ነው። ሚሌን ካለፍን በኋላ ሹፌሩ ወሬውን አቆመ። መስኮቱን ስከፍተው ነፋሱ ያቃጥለኛል፣ ስዘጋው ያፍነኛል። ወደቡ ሲታይ ሹፌሩ፣ «እንኳን ደህና ገባሽ፤ ሲኦል ከነባሕሯ ይቺ ናት» ብሎ ሳቀ።

በአሰብ ሁለት ነገር ያስፈራ ነበር፤ ሙቀቱና ወሬው። ሙቀቱን ሁሉም ጮክ ብሎ ያማዋል። ወሬውን ግን ማንም ደፍሮ አያነሳውም። ትናንት አጠገብህ ሻይ ሲጠጣ የነበረ ሰው ዛሬ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም በመጣሁ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አለመጠየቅን ተማርኩ።

የጥገና ክፍሉ ካቦ፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ጋሽ ወልዱ ነበሩ። የከረን ሰው ናቸው፤ ሙያውን በልጅነታቸው ከጣሊያን ጋራዥ የተማሩ። እኔን «ጓለይ» ይሉኛል፤ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት የቦይለሩን ውሃ በጣታቸው ነክተው ይቀምሳሉ። የአሰብ ውሃ ጨዋማ ነው። ጨው የበዛ እንደሆነ ፊታቸውን ያኮሳትሩና፣ ያን ቀን የቦይለሩ ውሃ ከሥር ተለቆ ካልታጠበ እሳት አያስነኩትም። ሽቦ ሲፈትሹ በእጃቸው ጀርባ እንጂ በመዳፋቸው አይነኩም። «መዳፍ ኮረንቲ ሲይዘው ይጨብጣል፤ የጨበጠ ደግሞ አይለቅም» ይሉኝ ነበር። ማብሪያውን ከመመለሳቸው በፊት እያንዳንዳችንን በስም ይጠራሉ፤ «አለሁ» እስክንል ንቅንቅ አይሉም። አንድ ቀን ታክቶኝ፣ «ፊት ለፊትዎ ቆሜ እያዩኝ እኮ ነው፣ ጋሽ ወልዱ» አልኳቸው።

«ዓይኔ አርጅቷል ጓለይ። የማምነው ድምፅሽን ነው» አሉኝ።

ስለ ፖለቲካ አንዲት ቃል ከአፋቸው አትወጣም። ወንድ ልጃቸው ከቤት ከጠፋ ቆይቷል። ሲጠየቁ፣ «ሱዳን ነው፤ ሥራ ፍለጋ» ይላሉ። ከተማው ግን ወደ በረሃ ገብቷል፣ መንግሥት ወንበዴ ከሚላቸው አማፂያን ጋር ነው እያለ ያንሾካሹካል። እኔ እውነቱን አላውቅም፤ ባውቀውም ኖሮ ለራሴም አልነግረውም ነበር።

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ። ሆስፒታሉ የራሱ ጄኔሬተር ነበረው። ለልብስ ማጠቢያው፣ ለወጥ ቤቱና ለቀዶ ሕክምና ዕቃ መቀቀያው እንፋሎት የሚሰጥ አሮጌ ቦይለርም አለ። ሁለቱም የሚጠጡት ናፍጣ ነው። ናፍጣው እዚያው ከተማችን ዳር እየተጣራ ለእኛ በኮታ ነበር የሚደርሰን፤ ወንዝ ዳር ተቀምጦ እንደ መጠማት ነው። አስተዳዳሪያችን ጓድ ደርቤ፣ ጥፍሩን የሚበላ፣ ድምፁ ግን እንደ ደወል የሚጮህ ሰው፣ ከአዲስ አበባ አንድ የቴክኒክ ድርጅት ጋር ተዋዋለ። ድርጅቱ መብራቱን ሁሉ ቀይሮ ቦይለሩን ያድሳል። ክፍያው በብር አይደለም፤ ከቀድሞው ፍጆታ ከሚተርፈው ናፍጣ ድርሻውን ይወስዳል።

የቀድሞው ፍጆታ እንዲለካ የድርጅቱ ቡድን በጥር መጣ። ከላይ አገር የሚመጣ ባለሥልጣን ሁሉ አሰብን የሚያውቃት በጥር ነው። በአውሮፕላን ይወርዳል፣ ዓሣ ይበላል፣ ይዋኛል፣ ከዚያ «ምን ሆናችሁ ነው የምታማርሩት? ገነት እኮ ነው!» ብሎን ይመለሳል። ቡድኑም ለጥቂት ሳምንት በየቀኑ የናፍጣ ማጠራቀሚያው ውስጥ የመለኪያ ዘንግ እያጠለቀ ለካ። ያ ልክ የሆስፒታሉ መደበኛ ፍጆታ ተብሎ ውሉ ላይ ገባ። ከዚያ በታች የሆነው ሁሉ ቁጠባ ሊባል ነው።

ስህተቱን ማንም አላየም። መሐንዲሶቹ ሰነፎች አልነበሩም። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉትን ቬንትሌተሮች ቀና ብለው አይተዋል፤ እኛው ግን አቧራ እንዳይገባባቸው በአሮጌ አንሶላ ጠቅልለናቸው ነበር። ሕሙማኑ ብርድ ልብስ ይደረብልን ይሉ ነበር። የወለደች ሴት ምጧን እንደምትረሳ፣ የአሰብም ሰው በጥር ሐምሌን ይረሳል። ጋሽ ወልዱ ረሱት፣ እኔም ረሳሁት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኛ ነው።

ሥራው ግን ደስ ይል ነበር፤ ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የዚያን ያህል የወደድኩት የለም። ቦይለሩን ከፍተን ስናየው በቱቦዎቹ ላይ ጨውና ኖራ ተጋግሯል። ጋሽ ወልዱ ቁራጩን ቆርሰው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና፣ «እሳቱ ስንት ዓመት ሙሉ ውሃውን ሳይሆን ይህንን ድንጋይ ነው ሲያሞቅ የኖረው» አሉ። በመዶሻና በሽቦ ብሩሽ እየፋቅን፣ እጃችን እየተላጠ፣ ቱቦው ብረቱ እስኪታይ አጸዳነው። የእንፋሎት መስመሩን በሙቀት መከላከያ ጥጥ ጠቀለልን። የመታጠቢያ ቤቱን ሙቅ ውሃ ከቦይለሩ ቆርጠን ጣሪያ ላይ ካለው ጋን ጋር አገናኘነው፤ የአሰብ ፀሐይ ያለ ናፍጣ ታፈላዋለችና። በቢጫዎቹ አምፖሎች ፋንታ ረጃጅም ነጭ ፍሎረሰንቶች ሰቀልን። የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ዘይነባ፣ የአሰብ ተወላጅ፣ መብራቱ ሲበራ እጇን አፏ ላይ ጭና፣ «ወላሂ፣ እስከዛሬ ደም ሥር ስፈልግ የነበረው በጨለማ ነው» አለች።

በሚያዝያ ናፍጣው ተረፈ። ጓድ ደርቤ ስብሰባ ጠራና፣ «ከተቆጠበው ላይ የድርጅቱን ድርሻ ሰጥተን የቀረውን ለግንባሩ ጦር እናበረክታለን!» ብሎ ቃል ገባ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሽ ወልዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ላም አለኝ በሰማይ» አሉ። ወዲያው የገዛ ቃላቸው አስደንግጧቸው ማን ሰማኝ ብለው ዙሪያቸውን አዩ።

ሰኔ ገባ። ትኩሱ ነፋስ ከበረሃው አሸዋ እያዘለ መጣ። የቬንትሌተሮቹን አንሶላ ገፈን ከጠዋት እስከ ጠዋት አሽከረከርናቸው። የመድኃኒት ማቀዝቀዣው ማረፍ አቃተው፤ የውሃ ፓምፑም እንደዚያው። ጄኔሬተሩ ናፍጣውን ይምገዋል። በየቀኑ ዘንጉን ሳጠልቅ ልቤ አብሮ ይወርዳል። ያንን ሁሉ አድሰን፣ ፍጆታችን በጥር ከተለካው በላይ ሆነ።

ለጦሩ ቃል የተገባው ናፍጣ ሲጠበቅ ቀረ። አንድ ቀን ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ሰው መጥቶ ማጠራቀሚያውን ዞሮ አየ። የደኅንነት ሰው መሆኑን ለማወቅ መታወቂያ ማየት አላስፈለገንም። «ናፍጣው የት ገባ?» ብሎ ጠየቀ፤ የጠየቀው ሁላችንንም ነው፣ ያየው ግን ጋሽ ወልዱን ነበር። በሳምንቱ ከተማው፣ ናፍጣው በጀልባ በስተ ሰሜን ወዳለችው የባሕር ዳር መንደር ወደ ጥዖ እየወጣ ነው፣ ከዚያ ለወንበዴ ይደርሳል አለ። ልጁ በረሃ ያለ ሰው፣ የማጠራቀሚያው ቁልፍ በኪሱ፤ ለአሉባልታ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ጓድ ደርቤ ትእዛዝ አወጣ፤ ቁጠባው እስኪታይ ድረስ ከቀዶ ሕክምናና ከማዋለጃው በቀር ቬንትሌተር ቀን ቀን ይዘጋ አለ። ጋሽ ወልዱ በማግስቱ ጠዋት የውስጥ ደዌ ክፍሉን ፊውዞች ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ።

በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አመጡ። መኪናው በረሃ ላይ ተበላሽቶበት ፀሐይ መትቶታል። ሽበት የጀመረው ረዳቱ እግሩን ይዞ ቆሟል። ሲስተር ዘይነባ አንሶላ በውሃ እየነከረች ታለብሰዋለች፤ ነፋስ በሌለበት እርጥቡ አንሶላ ወዲያው ይግላል።

«ነፋስ ስጡኝ!» ብላ ጮኸችብን። «ውሃ አለኝ፤ ነፋስ ነው ያጣሁት! ያ አላህ፣ ሰውየው ሊሞትብኝ ነው!»

ጋሽ ወልዱ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ፊውዞቹ ሲንቀጫቀጩ ሰማሁ። ከዚያ እጃቸውን ባዶውን አወጡና ፈቃድ ሊጠይቁ ወደ አስተዳዳሪው ቢሮ ሮጡ። ጓድ ደርቤ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ፤ ጥበቃው አላስገባ አላቸው። ሲመለሱ ረዳቱ የሹፌሩን ዓይን እየከደነ ነበር።

በነፋሱ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ሲስተር ዘይነባን ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። «አላህ ያውቃል» ትለኛለች፤ ፊቷን ግን ታዞራለች። ከሠራናቸው ሥራዎች ሁሉ የከፋው ውድቀት ይኸ ነው። ማሽን ሳይሰበር፣ ሽቦ ሳይቃጠል፣ ፍርሃታችን ሰው ገደለ።

ጋሽ ወልዱ ወደ ማከፋፈያው ሣጥን ሄዱ። እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ፣ «አስካለ!» ብለው ተጣሩ።

«አለሁ!»

ፊውዞቹን መለሱ፤ ቬንትሌተሮቹ ዞሩ። «ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይነቅላቸው። የሚጠይቅ ካለ እኔን ይጠይቀኝ» አሉ፣ ሁሉ ሰው እየሰማ።

የጥር ወር ነገር በአእምሮዬ ብልጭ ያለው በዚያን ሰሞን ነው፤ ከአልጋ አልጋ የተዘረጋውን እርጥብ አንሶላ እያየሁ፣ በጥር ብርድ ልብስ ሲለምኑን የነበሩትን አስታወስኩ። እየሮጥኩ ጓድ ደርቤ ዘንድ ገባሁ። «ጓድ፣ የሰረቀ የለም! መለኪያው የጥር ነው። በጥር ቬንትሌተር አይዞርም። ውሉ ሐምሌን አያውቀውም!» አልኩት።

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «ቀስ በይ» አለኝ። ጥፍሩ ሥር ደም አየሁ። «አውቃለሁ፤ ከሰኔ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ውሉን የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ለጦሩም ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ስህተት ነው ካልን አሻጥረኛው እኔ እሆናለሁ። ናፍጣው ተሰርቋል ከተባለ ደግሞ ጥፋቱ የሌባው ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ጓድ አስካለ።»

ልጠላው ፈለግሁ። ግን ከጥላቻው ይልቅ ፍርሃቱ ተጋባብኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። በሐምሌ መጨረሻ አንድ ጠዋት ላንድሮቨር መጥታ ከቦይለር ክፍሉ ደጃፍ ቆመች። ጋሽ ወልዱ ከመኪናዋ የወረዱትን ሁለት ሰዎች አዩና፣ «ግፊቱን ላውርድ። ቦይለር እንዲህ ተትቶ አይኬድም» አሉ። ፈቀዱላቸው። እሳቱን አጠፉ፣ እንፋሎቱን ለቀቁ፣ ውሃውን ቀመሱ። የማጠራቀሚያውን ቁልፍ ሰጥተውኝ፣ «ጨው በዝቶበታል ጓለይ፤ ነገ ከሥር እጠቢው» አሉኝና መኪናው ውስጥ ገቡ።

ነሐሴም እንደ ሐምሌው ነደደ። ጋሽ ወልዱ ታስረውም ናፍጣው እንደ በፊቱ አለቀ። እኔ ይህን ሳይ በደስታ ዘለልኩ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አለ? ለጓድ ደርቤ ነገርኩት። ፊቴን አተኩሮ አይቶ፣ «አሁን ቁልፉ በማን እጅ ነው ያለው?» አለኝ። ቁልፉ የነበረው በእኔ ኪስ ነው። ቤቴ ገብቼ እስኪነጋ የመኪና ድምፅ ሳዳምጥ አደርኩ። ማንም አልመጣም። በማግስቱ ማንንም ሳላማክር ራሴ ወደ ነጭ ሸሚዙ ሰው ቢሮ ሄድኩ።

አክብሮ አስቀመጠኝ፤ ውሃም አስመጣልኝ። ስለ ጥር፣ ስለ ቬንትሌተሩ፣ ጋሽ ወልዱ ታስረውም የናፍጣው ፍጆታ እንዳልቀነሰ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ።

«አንድ ወር አይበቃም፤ ተባባሪ ሊኖረው ይችላል፣ ያጠራቀመው ሊኖር ይችላል» አለ። «ግን ፍትሐዊ መሆን አለብን። እስከ ኅዳር እንለካ። እሱ ታስሮ ፍጆታው ካልቀነሰ ንጹሕ ነው፤ እለቀዋለሁ። ከቀነሰ ግን ሌባው ተገኘ ማለት ነው።»

«እንዴ፣ ጌታዬ፣ በኅዳር እኮ ብርድ ይገባል!» አልኩት።

ሳቀብኝ። ከደጋ ተዛውሮ የመጣው በግንቦት ነበር። «አሰብ ደግሞ መቼ በርዶ ያውቃል?» አለኝ። ምዬ ተገዝቼ ነገርኩት፤ አላመነኝም። ሲያሰናብተኝ በሩን የከፈተልኝ ራሱ ነው።

የዚያን ዓመት መስከረምና ጥቅምት ሰው ሁሉ አንጋጦ ብርድ ይግባልን ይላል። እኔ ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ ሙቀቱ እንዲቆይ እለምን ነበር። ሲስተር ዘይነባም በሶላቷ እንዲሁ ትለምን ነበር፤ «ሕሙማኔ ይቅር ይበሉኝ» ትላለች። ጠዋት ከቤቴ ስወጣ መጀመሪያ የማደርገው ነፋሱን በጉንጬ መፈተን ነው። ትኩስ ከሆነ ተመስገን እላለሁ።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጠዋት ነፋሱ ከባሕሩ ቀዝቅዞ መጣ። ሕሙማኑ ተመስገን ተባባሉ። ቬንትሌተሮቹን አላጠፋሁም። ናፍጣው ይለቅ፣ ይጠጣ፣ ፍጆታው ብቻ አይቀንስ አልኩ። ለጥቂት ቀን ባዶ ክፍል ሳይቀር አሽከረከርኩ። ከዚያ አንድ ሳንባቸውን የሚያማቸው የወደብ ሽማግሌ እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ነፋሱን አጥፊልኝ። ደረቴን ወጋኝ» አሉኝ። ሌሊቱን በሙሉ ሲያስሉ እንዳደሩ ሲስተር ዘይነባ ነገረችኝ። ሄጄ አጠፋሁት።

በኅዳር ዘንጉ ሲጠልቅ የነጭ ሸሚዙ ሰው በቦታው ነበር። ፍጆታው ወርዶ ወርዶ በጥር ከተለካው በታች ሆኗል። ጓድ ደርቤ መሬት መሬቱን ያያል።

«እንደተባባልነው አደረግን» አለኝ ሰውየው፣ በለስላሳ ድምፁ። «እሱ ከተያዘ ወዲህ ቀነሰ። አየሽ?»

«ብርዱ ነው፣ ጌታዬ! ብርዱ ነው እኮ!»

«ብርዱና ናፍጣው ምን አገናኛቸው?» አለኝ፣ የለበሰውን ሹራብ እጅጌ ወደ መዳፉ እየሳበ።

ጋሽ ወልዱን በዚያው ሳምንት በአውሮፕላን ወሰዷቸው። ወዴት እንደሆነ ሚስታቸውም አልተነገራቸውም።